ወለላ የተሸከመችው

የተሰማን ጅርጅር ያልቀመሰ ሰው በካርቱም አል-ማንሺያ ሰፈር ውስጥ የለም ቢባል ማጋነን ነው፤ ግን ትንሽ ማጋነን ነው። ጅርጅር ሱዳኖች ከፉል ጋር ጥሬውን የሚበሉት፣ ምላስ ላይ እንደ ሰናፍጭ ቆንጠጥ የሚያደርግ ቅጠል ነው። ተሰማ በአንድ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት ዘበኛ ሆኖ ሲኖር፣ ከውሃ ታንከሩና ከኋለኛው አጥር መካከል ሁለት መደብ አውጥቶ ያበቅለዋል። ለጎረቤት ዘበኞች ይሰጣል፤ ለቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞች በጆንያ ይልካል። ሰው ሲያመሰግነው፣ «እኔን ሳይሆን ወለላን አመስግኑ» ይላል።

ወለላ ማለት በጓ ናት። የግቢው ባለቤት ዶክቶራ ሉጥፊያ የከብት ሐኪም ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ የሞተችባትን አንዲት ግልገል በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ መጣችና ለተሰማ የልጅ ልጅ፣ ለናርዶስ ሰጠቻት። ናርዶስ በጡጦ አሳደገቻት። ጠጉሯ ማር ስለሚመስል ወለላ አለቻት። ተሰማ ጠዋት ጠዋት በገመድ ይዞ ወደ ዓባይ ዳር ያወርዳታል፤ ከኮርዶፋን የተነዱ የነጋዴ በጎች ከሚግጡበት ለምለም ስፍራ ስትግጥ ታረፍዳለች። ከዚያ ወዲያ ግቢ ውስጥ እንዳሻት ናት። የጣለችውን በጠጥ ተሰማ እየጠረገ ጉድጓድ ውስጥ ያጠራቅምና፣ ሲበስል ለመደቡ ይሰጠዋል። ሣር በልታ የጣለችው ያ ጥቁር ፍሬ ተመልሶ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ ማየት፣ በስድሳ ዓመቱም አልሰለቸውም ነበር።

ታሪኩ የሆነው በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በሁዳዴ ጾም ነው።

በዚያ ዓመት ናርዶስ ሰባት ዓመት ሞላት። ጾሙ ሊገባ ሲል ተሰማ ፊት ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አባባ፣ ኻላስ፣ ዘንድሮ እኔም እጾማለሁ።»

«አንቺ ደግሞ! ሆድሽ ገና የወፍ ሆድ ነው።»

«ሰባት ሞልቶኛል! አንተ ራስህ ሰባት የሞላው ይጾማል ብለሃል። ዋላሂ ብለሃል።»

«በዋላሂ ማልሽና በጾም መጣሽብኝ እንግዲህ!» አለና ሳቀ። እናቷ ይመኙሻል፣ የተሰማ ልጅ፣ እዚያው ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር ውስጥ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ እዚያው ታድራለች፣ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። ስትመጣ ተመካከሩና ልጅቷ እስከ ቀትር እንድትጾም፣ ወተትና እንቁላሉም እንዲቀርባት ፈቀዱላት። ናርዶስም የዋዛ አልነበረችም። ዶክቶራ ሉጥፊያ ከረሜላ ስትሰጣት እንኳ፣ «ወተት አለበት?» ብላ መጠየቅ ጀመረች። ዶክቶራም፣ «ሱብሓነላህ! እኔ በሮመዳን ከዚህች ልጅ ባነሰ ትጋት ነው የምጾመው» እያለች ትገረም ነበር።

ተሰማ ለሆሳዕና የማኅበሩን ምሳ ሰላጣ አቀርባለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ጾሙ እየገፋ ሲሄድ ግን የካርቱም ፀሐይ በረታና መደቡ ገረጣ። ጉድጓዱ ውስጥ የበሰለ ፍግ አልቋል። አባቱ ወሎ ሳሉ፣ «ልጄ፣ ፍግ ካልበሰለ እሳት ነው፤ ስድስት ወር መሬት ይብላው» ይሉት እንደነበር አልዘነጋም። ግን ሆሳዕና ስድስት ወር አይጠብቅም። እና ምን አደረገ? የወለላን ትኩስ በጠጥ በባልዲ ዘፈዘፈና፣ ሻይ የመሰለውን ውሃ በማጠጫ ከላይ ረጨው፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን በየሁለት ቀኑ።

ቅጠሉ ጉድ አሰኘ። በሳምንቱ የሰው መዳፍ አከለ። ተሰማ መደቡ ዳር ተቀምጦ ያየዋል፣ ያየዋል፣ አይጠግበውም።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ናርዶስ አጠገቡ መጥታ ቁጢጥ አለች። ቀትር ሊሆን ገና ነው። ሆዷ ሲጮኽ ተሰማው።

«አባባ፣ ሰዓቱ ቆመ እንዴ?»

ከመደቡ አንድ ቅጠል ቀጠፈ፤ በጀለቢያው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገና ሰጣት።

«እንቺ።»

«ጾሜ አይፈርስም?»

«ቅጠል እኮ ናት። ሥጋ የላት፣ ወተት የላት። እግዜር ቅጠል አይቆጥርም።»

ናርዶስ አኘከች፣ አቃጠላት፣ አፍንጫዋን ሸበሸበች፣ ሳቀች። «ሌላ!» አለች። ሌላ ሰጣት። አራት ያህል በላች። እሱም ልጅ ሲበላ ማየት በሚያመጣው በዚያ ደስታ ተሞልቶ ተቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት ሆዷን አመማት። ከቀትር በኋላ ተቅማጡ መጣ። ማክሰኞ ደም ሆነ።

ተሰማ ታቅፏት በአምጃድ ታክሲ ወደ ሆስፒታል በረረ። አንድ ወጣት ሐኪም ሆዷን ደባበሰ፣ ትኩሳቷን ለካ፣ ትኩሳት አለመኖሩን ሲያይ ግንባሩን ቋጠር አደረገና ይጠይቅ ጀመር።

«ያ ዓም፣» አጎት ሆይ ማለቱ ነው፤ «ጥሬ ሥጋ በልታለች?»

«ሥጋ?» አለ ተሰማ።

«ያልተፈላ ወተት? ከከብት፣ ከበግ ጋር ትውላለች?»

እንግዲህ ሐኪሙ የሚጠይቀው ስለ በሽታ ነበር። የተሰማ ልብ ግን ጾም ላይ ነበረና፣ ጥያቄው እንደ ክስ ሆነበት። ደረቱን ነፋ።

«ያ ዶክቶር፣ እኛ የሁዳዴ ጾመኞች ነን። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ የከብት የሆነ ነገር፣ ሥጋ በለው ወተት፣ ቅቤ በለው እንቁላል፣ ደጄን አልረገጠም። በመስቀሉ እምልልሃለሁ! ይቺ ልጅ ከረሜላ እንኳ መርምራ ነው የምትበላ።»

ሐኪሙ፣ «ጠይብ፣ እሺ» አለና ጻፈ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ሳትመለስ እንደ ቀረች ከሁለቱ አንዳቸውም ልብ አላሉም። በውሃ የሚበጠበጥ ጨው ሰጣቸው፤ ከባሰባት ወዲያው መልሷት አለ። ዶክቶራ ሉጥፊያ በዚያ ሰሞን ወደ ውጭ የሚላኩ በጎች ለመመርመር ፖርት ሱዳን ሄዳ ነበርና የሚያማክራት አላገኘም።

ሐሙስ ጠዋት ይመኙሻል ከአሠሪዋ አስፈቅዳ መጣች። ልጇን ምንጣፍ ላይ እንደ ጨርቅ ተጣጥፋ ስታያት አጠገቧ ተንበረከከች። ከቦርሳዋ አንድ የክኒን ካርቶን አወጣች።

«አባዬ፣ አሠሪዬ ናት ከፋርማሲ ያስገዛችልኝ። ደሙን ቀጥ ያደርጋል አለች። አጥሚት ላፍላና በዚያ ደቁሼ እሰጣታለሁ።»

«ይሁን እስቲ፣ እግዜር ይርዳን» አለ ተሰማ። እጁን የሚያሳርፍበት ሥራ ሲያጣ ባልዲውን ይዞ ወደ መደቡ ሄደ።

ወለላ እዚያ ቆማ ነበር፤ ዓይኗን ግማሽ ገርበብ አድርጋ ታመሰኳለች። ጤና ማለት እሷ ናት፤ ጠጉሯ ያበራል፣ ሆዷ ክብ ነው። ተሰማ ጎንበስ ብሎ አንድ ቅጠል ገለበጠ። ከቅጠሉ ሆድ ላይ ደርቆ የተጣበቀ ቡናማ ጠብታ አየ። ሌላ ገለበጠ፤ አለ። ሌላ፤ እሱም ላይ አለ። በዚህ መካከል ወለላ ጅራቷን ከፍ አደረገችና ያን ጥቁር ፍሬዋን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አደረገችው፤ ግማሹ መደቡ ውስጥ ገባ።

ያን ጊዜ ያልተመለሰችው ጥያቄ ተመልሳ መጣች። *ከከብት፣ ከበግ ጋር ትውላለች?*

ተሰማ ባልዲውን ለቀቀው። «ደጄን አልረገጠም» ብሎ በመስቀል የማለው ነገር፣ ለካ በራሱ እጅ ተዘፍዝፎ፣ በራሱ እጅ ተረጭቶ፣ በራሱ እጅ ተቀጥፎ ለልጅቷ ተሰጥቷል። ሥጋውን በር ላይ ሲጠብቅ፣ የበጓ አንጀት በጓሮ ገብቷል።

ዶክቶራ ሉጥፊያ ማታ ከመንገድ ተመልሳ ነበር፤ ወደ ሥራ ልትሄድ መኪናዋን እያስነሳች ነው። ተሰማ ሮጦ በሩን ያዘው።

«ያ ዓም ተሰማ! ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ናርዶስ ታማለች። ደም ነው የሚያስቀምጣት፤ ትኩሳት የላትም። ዶክቶራ፣ የበግ በጠጥ ሰው ያሳምማል?»

ሞተሩን አጠፋችው። «ቀስ ብለህ ንገረኝ።»

ነገራት። ባልዲውን፣ ማጠጫውን፣ ቅጠሉን፣ በጀለቢያው ጫፍ መጥረጉን። እየሰማች እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«ትኩስ ነበር? ሳይበስል?»

«ትኩስ።»

«ክኒን ወስዳለች? የተቅማጥ ማቆሚያ፣ ወይም ሌላ መድኃኒት?»

«እናቷ አሁን ልትሰጣት...»

«ሩጥ!» አለች ዶክቶራ። «እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፣ የሰው ሐኪም እስኪያያት ግን ምንም እንዳትሰጧት! የጠረጠርኩት ከሆነ መድኃኒቱ ሊያስቆጣው ይችላል። ሩጥ እንጂ!»

ተሰማ በስድሳ ዓመቱ ሮጠ። የዘበኛ ቤቱን በር በትከሻው ሲከፍተው፣ ይመኙሻል ልጅቷን በክንዷ ደግፋ ማንኪያውን ወደ አፏ እያቀረበች ነበር። እጇን ያዘው። አጥሚቱ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«አባዬ! አበድክ እንዴ?»

«አትስጫት። ዶክቶራ አትስጡ ብላለች።»

«የበግ ሐኪም ስለ ልጄ ምን ታውቃለች?»

«የበግ በሽታ ነው፣ ይመኙ» አለ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ከወለላ ነው የመጣው። በጠጧን ዘፍዝፌ ጅርጅሩ ላይ የረጨሁ እኔ ነኝ። ሳላጥብ ያበላኋት እኔ ነኝ። ርቧት አጠገቤ ብትቀመጥ... ቅጠል ናት ብዬ... በዚህ እጄ።»

ይመኙሻል እጁን አየችው። ከዚያ ፊቱን አየችው። ልጇን አነሳችና በአጠገቡ አልፋ ወጣች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አባቷን አላናገረችውም። ሲጠይቃት ራሷን እየነቀነቀች ትመልሳለች፤ ውሃ ሲያቀብላት ትቀበላለች፤ ቃል ግን የለም።

ዶክቶራ በመኪናዋ ሆስፒታል አደረሰቻቸውና ወጣቱን ሐኪም አነጋገረችው። ተሰማ ሐኪሙ ፊት ቀረበ።

«ዶክቶር፣ ማክሰኞ የማልኩልህ መሐላ ልክ አልነበረም። ከበግ ጋር ነው የምትውለው። ነውሩ የእኔ ነው።»

ወጣቱ ትከሻውን ያዝ አደረገው። «ያ ዓም፣ ደግሜ ሳልጠይቅህ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን መምጣትህ ነው ቁም ነገሩ።»

ደሟን መረመሩ። በሽታው በሁለት እግሩ ይሄዳል አሏቸው፤ አንዱ እግር አንጀት ላይ ነው፣ ሁለተኛው ኩላሊት ላይ። አንጀቱ ሊሻላት ነው፤ አሁን የሚያስፈራው ኩላሊቷ ነው። በክንዷ ውሃ እየሰጡ፣ እየለኩ፣ መጠበቅ ነው። «ሽንቷን ተከታተሉ» አለ ሐኪሙ። «ሽንት ከወረደ ኩላሊቱ አለ ማለት ነው።»

እሑድ፣ ሰው ሁሉ ዘንባባ ግንባሩ ላይ ባሰረበት በሆሳዕና ቀን፣ የናርዶስ ሽንት ቆመ። ፊቷ አበጠ፤ ከንፈሯ ነጣ። የማኅበሩ ምሳ ያለ ሰላጣ ዋለ። ተሰማ ጅርጅሩን ሐሙስ ዕለት ነቅሎ ቀብሮታል፤ ለማኅበሩ ሊቀመንበር ለበላይነህም ከዚያ መደብ ማንም አንዲት ቅጠል እንዳይቀምስ ብሎ ደውሎለታል። ሰው የበላው ካለ ብሎም ቅጠል የሚሰጣቸውን ጎረቤቶች ሁሉ በየበራቸው ዞሮ ጠየቀ። ደግነቱ ለአብዛኞቹ ለሆሳዕና ይድረስ ብሎ ሳይቀጥፍላቸው ቀርቷል፤ ከቀመሱትም የታመመ አልተገኘም። እግዜር አንዳንዴ በስስታችን በኩል ያድናል።

ማክሰኞ፣ ሕማማት ገብቶ፣ ዶክቶራ ሉጥፊያ ሆስፒታል መጣችና፣ «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አለችው።

«ልጅቷን ትቼ?»

«እናቷ አለች። አንድ ሰዓት ብቻ። አንተ ነህ ያገኘኸው፤ ልታየው ይገባል።»

ተሰማ ዶክቶራ የምትሠራበትን ቤተ ሙከራ ሃያ ሁለት ዓመት ስሙን ይሰማል እንጂ ገብቶበት አያውቅም። ነጭ ካፖርት አለበሱት፤ እጁን እስከ ክንዱ አስታጠቡት። ቄስ ሊሆን የተቃረበ መሰለው። ዶክቶራ ክዳን ያላቸው ሁለት ትንንሽ የብርጭቆ ሳሕኖች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ውስጣቸው የረጋ ቀይ ነገር አለ፤ ከላዩ ላይ ደግሞ እንደ ጤፍ ፍሬ የተበተኑ ነጥቦች።

«ይሄኛው ከወለላ በጠጥ ነው። ይሄኛው ናርዶስ ካስቀመጣት። ምን ታያለህ?»

ተሰማ ጎንበስ አለ፤ ትንፋሹን ያዘ። «አብዛኛው ሮዝ ነው። ይሄ፣ ይሄ፣ ይሄ ግን ገርጥቷል።»

«ዓይንህ ደህና ነው! እያንዳንዷ ነጥብ መንደር ናት። አንድ ባክቴሪያ አርፎባት፣ ተራብቶ፣ ሌሊቱን ሚሊዮን ሆኖ ያደረባት። ሮዞቹ ደጎቹ ናቸው፤ አንጀት ውስጥ ከነበጓ በሰላም የሚኖሩ። ጎጂው የገረጣው ነው። ዛሬ ጠዋት በሌላ ምርመራ አረጋገጥነው፤ የበጓና የልጅቷ አንድ ዓይነት ናቸው።»

ተሰማ አሁን አንዱን ሳሕን፣ አሁን ሌላውን ያያል። ወለላ ውስጥ የነበረ ናርዶስ ውስጥ። በሩ ቅጠል፣ መንገዱ የእሱ እጅ።

«ስንት ይሆናሉ?» አለ በሹክሹክታ፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለ ይመስል።

«በአንድ ማንኪያ በጠጥ ውስጥ ከአል-ማንሺያ ሰው ሁሉ ሊበልጡ ይችላሉ። ልጅ ለማሳመም ግን መቶ እንኳ አያስፈልግም።»

«ታዲያ ወለላ ለምን አልታመመችም? ተሸክማቸው ስትዞር!»

ዶክቶራ ሉጥፊያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «መርዛቸው እንደ ቁልፍ ነው፣ ያ ዓም። ቁልፍ በር ካላገኘ ምን ያደርጋል? በበጓ አንጀት ውስጥ ያ በር የለም። በልጅ ኩላሊት ግን አለ። በጓ የያዘችውን አታውቅም፤ ክፋትም የላትም። ዓባይ ዳር ከሚግጡት በጎች ከአንዱ ወስዳ ይሆናል፤ ነገ ደግሞ ከሆዷ ሊጠፋ ይችላል።»

«አታውቅም» አለ ተሰማ። «ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ታመሰኳለች።»

«ታመሰኳለች። እሱም ቢሆን የብቻዋ ሥራ አይደለም። ጨጓራዋ ውስጥ ሌሎች፣ ከእነዚህ የሚበልጡ፣ ቁጥራቸው የማይደረስበት ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ። ሣሩን የሚያፈርሱላት እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ ሣር በልታ በረሃብ ትሞታለች።»

ተሰማ ዕድሜውን ሁሉ በግ አይቷል፤ ጠብቋል፣ አርዷል፣ ሽንፍላ አጥቧል። አንድም ቀን ብቻዋን ያልሆነች በግ አላየም ነበር። አሁን ግን ወለላ አገር ሆና ታየችው፤ ከነከተማዋ፣ ከነሕዝቧ፣ ከነሽፍታዋ በአራት ቀጫጭን እግሮች ዓባይ ዳር የምትንቀሳቀስ አገር። ጠጉሩ ቆመ።

«እኔም ውስጥ አሉ?»

«አንተም ውስጥ፣ እኔም ውስጥ። ደጎቹ።»

ጥቂት አሰበና፣ «እኔ ስጾም እነሱም ይጾማሉ?» አለ።

ዶክቶራ ከልቧ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ እንባ ዞረ። «ቅጠል ሲበዛላቸው ደስ ይላቸዋል» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «የሰው አገር ድረስ የሚሄድ በግ እመረምራለሁ፤ ውጤቱ በእጄ ነው የሚፈረመው። የራሴን ጓሮ ግን ረሳሁት። ለዚያች ልጅ ግልገሏን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ‹እጅሽን ታጠቢ› ማለትን ግን አልሰጠኋትም። ነውሩን ለብቻህ አትሸከም።»

ረቡዕ ሽንት የለም። ሐሙስ የለም። ሐኪሙ፣ «እስከ ነገ ማታ እንጠብቅ፤ ካልሆነ ደሟን የሚያጥብላትን መሣሪያ እንቀጥላለን» አለ። ይመኙሻል አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ የልጇን ሆድ በመዳፏ ታሻለች፤ አባቷ ከእግርጌ ቆሞ ያያል።

ዓርብ ስቅለት ነው። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይሰግዳል። ተሰማ ከክፍሉ ውጭ ኮሪደሩ ላይ፣ የሱዳን ሴቶች ካኖሩት ቴርሞስና ምግብ መያዣ መካከል ጋቢውን አንጥፎ ይሰግድ ጀመር። ያለፈ ያገደመ ይዞርለታል። «አንተ ክርስቲያን፣ የኛ ሰላት ሰዓት ገና ነው እኮ!» ብሎ አንዱ ቀለደበት። ተሰማ መስገዱን ቀጠለ። ወደ መሬት በወረደ ቁጥር እነዚያ የገረጡ ነጥቦች ይታዩት ነበር። *ጌታዬ፣ እነሱንም የፈጠርክ አንተ ነህ፤ የት እንዳሉ አንተ ታውቃለህ። እኔ አላወቅሁም።* ጸሎቱ ይህችው ነበረች።

ከቀትር በኋላ ደክሞት ግንቡን ተደግፎ ሳለ፣ ከውስጥ የናርዶስ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እማ፣ ሽንቴ መጣ።»

ከዚያ የፖፖው ቆርቆሮ ድምፅ። ከዚያ ዝም። ከዚያ፣ ልጆቼ፣ ያችን ድምፅ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ዝናብ ያጣ አገር የመጀመሪያዋን ጠብታ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲሰማ እንዲያ ነው። ጠብ። ጠብ ጠብ። ከዚያ ቀጭን፣ የማይቆረጥ ሽርርታ።

«አባዬ!» አለች ይመኙሻል። «አባዬ፣ ና እይ!»

በስምንት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

ገባ። ፖፖውን በሁለት እጇ እንደ ጽዋ ይዛ ቆማለች። ታች ሩብ ብርጭቆ የማይሞላ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል የጠቆረ ውሃ። ሁለቱ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ራስ ለራስ ተነካኩ።

«ጠበል» አለ ተሰማ።

«ሽንት ነው አባባ» አለች ናርዶስ ከአልጋው ላይ፤ «ጠበል አይደለም። ሐራም!»

ይመኙሻል ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡባት። እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ቀኑ ትዝ አላትና በመዳፏ ከደነችው። በስቅለት እልልታ የለም። ከጎን አልጋ ልጇን የምታስታምም ዘሃራ የምትባል ሱዳናዊት ይህን ሁሉ ቀን ስታያቸው ነበርና፣ «ምነው? ምን አፈንሽ?» አለቻት።

«ዛሬ አይቻልም። የጌታችን ስቅለት ነው። እልል አይባልም።»

«አንቺ ካልተቻለሽ ለእኔ ማን ከለከለኝ?» አለች ዘሃራ። ብድግ አለችና ምላሷን እያርገበገበች እንዲህ ያለ እልልታ ለቀቀችው፤ ነርሶች ሰው ተወለደ ብለው ሮጠው መጡ። ሐኪሙም መጣ፤ ፖፖውን አየ፤ ለካው። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «መሣሪያውን እንተወዋለን። ጀምራለች።»

ናርዶስ ፋሲካን ሆስፒታል ውላ በሁለተኛው ሳምንት ወጣች፤ ለወራት እየተመላለሰች ደሟን እንድትታይ ታዘዘላት። ከመኪና እንደወረደች፣ እግሯ እንደ ቄጠማ እየተልፈሰፈሰ፣ ወደ ወለላ ሄደች። ወለላ አሁን በጓሮው ማዶ የራሷ አጥር ተሠርቶላታል፤ ከአጥሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧና ሳሙና አለ። በጠጡ ጥልቅ ጉድጓድ ተምሶለት፣ አፈር ለብሶ፣ ወሩን እየጠበቀ ነው።

ናርዶስ እጇን በአጥሩ አሳልፋ የበጓን ግንባር አሻሸች።

«አባባ፣ በእኔ ተናድደሃል ወይስ በወለላ?»

«በማንም አልተናደድኩም።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ታያታለህ? ኩሉ ጊዜ ታያታለህ።»

ተሰማ አጥሩን ተደግፎ ጎንበስ አለ። በጓ ታመሰኳለች፤ የመንጋጋዋ ዙር፣ የሆዷ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ጠጉር ሥር ያለው የማይታይ አገር ሁሉ ፊቱ ነበር።

«ነይ» አላት። «መጀመሪያ እጅሽን እንታጠብ፤ እኔም ልታጠብ። ከዚያ እነግርሻለሁ።»

ቧንቧውን ከፈተና ትንንሾቹን ጣቶቿን አንድ በአንድ በሳሙና ያሽ ጀመር። ይመኙሻል ከበሩ ላይ ሆና አየቻቸው፤ መጣችና የራሷን እጅ ከእጃቸው መካከል አስገባች።